ሃያ አምስት ዙር

ሩጫን የማያውቅ ገበሬ የለም። ጥጃ ሲያመልጥ ይሮጣል። ደመና ሲጠቁር፣ አውድማ ላይ ያለውን እህል ዝናብ እንዳያገኘው ይሮጣል። ልጅ ወንዝ ዳር ሲጮኽ እናት ነጠላዋን ጥላ ትሮጣለች። ይህ ሁሉ ሩጫ ነው፤ ውድድር ግን አይደለም። ዛሬ የምናነበው ስለ ውድድር ሩጫ ነው። ከዚያም ውስጥ አንዱን ብቻ መርጠናል። እሱም የ10,000 ሜትር ሩጫ ነው።

አሥር ሺህ ሜትር ስንት ነው? 1,000 ሜትር አንድ ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 10,000 ሜትር አሥር ኪሎ ሜትር ይሆናል። ሸክም የሌለበት ሰው በደልዳላ መንገድ ሁለት ሰዓት ያህል የሚሄደው ነው። ሯጮቹ ታዲያ ከአንድ አገር ተነሥተው ሌላ አገር አይደርሱም። እህል እንደሚያበራዩ በሬዎች አንድ ሜዳ ዙሪያ ይዞራሉ። ሜዳው እንደ እንቁላል ሞላላ ነው። አንዱ ዙር 400 ሜትር ነው። 10,000 ለ400 ሲካፈል 25 ይደርሳል። እንግዲህ ሩጫው ሃያ አምስት ዙር ነው ማለት ነው።

ይህን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፈን ስናስረዳ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አነሡ። "ሃያ አምስት ጊዜ ዞሮ መልሶ እዚያው ለመድረስ ምን አደከማቸው?" አሉ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ፤ እኛም ሣቅን። ነገሩ ግን የዋዛ አይደለም። እሳቸው ሮጠው ጥጃ ይመልሳሉ፤ ሯጩ ሮጦ ምን ይመልሳል? በዚያ ቀን ደህና መልስ አልሰጠናቸውም። ይህን ጽሑፍ የጻፍነው አንድም ለእሳቸው ብለን ነው።

ምሩፅ ይፍጠር የተወለደው ትግራይ ውስጥ አዲግራት ነው። በወጣትነቱ ፋብሪካ ሠርቷል፤ የፈረስ ጋሪም ነድቷል። በኋላ አየር ኃይል ገባ። ሯጭነቱ የታወቀው እዚያ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ሰውነቱ ቀጭን ነበር። ፀጉሩም ከግንባሩ ቶሎ ሸሽቶ ነበርና የውጭ አገር ጋዜጠኞች ባገኙት ቁጥር ስለ ዕድሜው ይጠይቁት ነበር። እሱም ሰው ዶሮዬን ሊሰርቀኝ ይችላል፣ በጌንም ሊሰርቀኝ ይችላል፣ ዕድሜዬን ግን ማንም አይሰርቀኝም አላቸው። ፈረንጆቹ ይህን በየጋዜጣቸው አወጡት። እናንተ ደግሞ ይህን ስናነብላችሁ ከማንም በላይ ሣቃችሁ። ዶሮ የተሰረቀበት ሰው ቀልዱ ቶሎ ይገባዋል።

ምሩፅ ሌላም ስም ነበረው። "ማርሽ ቀያሪው" ይሉት ነበር። ማርሽ ማለት የመኪናን ጉልበትና ፍጥነት መቀየሪያ ነው። መኪና ዳገት ሲወጣና ሜዳ ላይ ሲሮጥ አንድ ዓይነት ማርሽ አይዝም። ምሩፅም ሃያ አራቱን ዙር ከሰው ጋር ሲሮጥ ቆይቶ፣ መጨረሻው ላይ በድንገት ይፈተለክ ነበር። ያን ጊዜ የሚከተለው አልነበረም።

አሁን ወደ ውድድሩ እንግባ። ኦሊምፒክ በየአራት ዓመቱ የዓለም አገሮች ስፖርተኞች የሚገናኙበት ትልቅ ውድድር ነው። አንደኛ የወጣ የወርቅ፣ ሁለተኛ የወጣ የብር፣ ሦስተኛ የወጣ የነሐስ ሜዳሊያ ይሸለማል። ለአራተኛው ሜዳሊያ የለም። ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙልን፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ነሐሴ 28 ቀን 1964 ዓ.ም. ጀርመን አገር፣ ሙኒክ ከተማ ውስጥ የ10,000 ሜትር ፍጻሜ ተደረገ። (ፈረንጆች ይህን ዓመት 1972 ይሉታል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።) ሩጫው ግማሽ ሊደርስ ሲል ላሴ ቪረን የሚባል የፊንላንድ ሰው ተደናቅፎ ወደቀ። ቪረን በአገሩ የገጠር ፖሊስ ነበር። ወድቆ ተነሣ፤ የቀደሙትን ተከተለ፤ ደረሰባቸው፤ ከዚያም አንደኛ ወጣ። እስከዚያን ቀን ድረስ ያን ርቀት በዚያ ፍጥነት የሮጠ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። ምሩፅ ሦስተኛ ሆኖ ነሐስ አገኘ።

ምሩፅ ከጥቂት ቀናት በኋላ 5,000 ሜትርም ይሮጥ ነበር። ነገር ግን ውድድሩ ሲጀመር ከመነሻው ላይ አልተገኘም። ዘገየ። ለምን እንደዘገየ ብዙ ተወርቷል፤ አንዱ አንድ ነገር ይላል፣ ሌላው ሌላ ይላል። አንድ ነገር ብቻ የተረጋገጠ ነው፤ ሩጫው ያለ እሱ ሄደ። ሦስት ጊዜ አርሶ፣ አለስልሶ፣ የዘር ቀን ያለፈው ገበሬ ሐዘኑ ይገባዋል። ይባስ ብሎ አገሩ ሲገባ "ሆን ብለህ ነው የቀረኸው" ተብሎ መታሠሩ ይነገራል። በ1965 ዓ.ም. ናይጄሪያ አገር ሌጎስ ላይ በተደረገው የመላው አፍሪካ ውድድር ግን እንደገና ሮጠ፤ በ10,000 ሜትር ወርቅ፣ በ5,000 ሜትር ብር ይዞ ተመለሰ።

የሚቀጥለው ኦሊምፒክ በሐምሌ 1968 ዓ.ም. ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል ላይ ነበር። ምሩፅ እዚያም አልሮጠም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካን ጥቂት ነጮች ይገዙ ነበር። ጥቁሩ ሕዝብ በገዛ አገሩ የመምረጥ መብት አልነበረውም፤ የሚኖርበትን ቦታ እንኳ ሌሎች ይወስኑለት ነበር። ስለዚህ የአፍሪካ አገሮች ከደቡብ አፍሪካ ጋር ማንም እንዳይጫወት ጠይቀው ነበር። የኒውዚላንድ የራግቢ ቡድን ግን እዚያ ሄዶ ተጫወተ። አፍሪካውያኑ "እንግዲያውስ ኒውዚላንድ ከኦሊምፒክ ትውጣ" አሉ። አልወጣችም። ከ20 በላይ አገሮች ውድድሩን ትተው ቀሩ። ኢትዮጵያም ቀረች።

እኛ ይህ ትክክል ነበር እንላለን። ቢሆንም አንድ ነገር መደበቅ የለብንም። ውሳኔው የአገር ነው፤ ዋጋውን በጉልበቱ የከፈለው ግን አራት ዓመት ሙሉ ሲለማመድ የኖረ ሰው ነው። የሯጭ ጉልበት እንደ እህል ጎተራ ውስጥ አይቀመጥም። አራት ዓመት ካለፈው አለፈው። ምሩፅ ግን ልምምዱን አልተወም። ከሙኒክ እስከ ሞስኮ ስምንት ዓመት ጠበቀ።

ስለ ሞስኮው ሩጫ ከማውራታችን በፊት ስለ ነፋስ ጥቂት እንበል።

ወደ ገበያ ማለዳ ስትሄዱ፣ መንገዱ በረጅም ሣር መካከል ሲያልፍ፣ ፊት የሚሄደው ሰው ምን ይሆናል? ጤዛው እሱን ይመታዋል። ልብሱ እስከ ጉልበቱ ይርሳል። ከኋላው የሚከተለው ግን ሣሩ ተጠርጎ ያገኘዋል። በሩጫም እንዲሁ ነው። በፍጥነት የሚሮጥ ሰው ፊት ለፊት ያለውን አየር እየገፋ ነው የሚሄደው። ፊት ያለው ነፋሱን በደረቱ ይሰብራል፤ ከኋላው ያለው ይጠለላል። አንድ ዙር ብቻ ቢሆን ልዩነቱ አይታወቅም። በሃያ አምስት ዙር ግን ይታወቃል። ፊት ያለው አሳብም ይበዛበታል። መፍጠን አለብኝ ወይስ ልቀንስ እያለ የሚጨነቀው እሱ ነው። የኋለኛው የሚያየው የፊተኛውን ጀርባ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ነገር የፍጥነት መለዋወጥ ነው። በሬ ጠምዳችሁ ስታርሱ፣ አንዱ በሬ እኩል እየሄደ ሌላው አንዴ ቢፈጥን አንዴ ቢቆም፣ የሚደክመው የቱ ነው? ሁለቱም ይደክማሉ፤ ግን እኩል መሄድ የለመደው በሬ ይበልጥ ይቃጠላል። በሩጫም ድንገት የሚፈጥን፣ መልሶ የሚቀንስ፣ እንደገና የሚፈጥን ሰው እኩል መሮጥ የለመደውን ባላጋራውን ያደክመዋል። ይህን አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገው ግን ባላጋራውን ከማድከሙ በፊት ራሱ ያልቃል።

ሐምሌ 20 ቀን 1972 ዓ.ም. ሞስኮ። በዚህ ኦሊምፒክም የቀሩ አገሮች ብዙ ነበሩ፤ በአፍጋኒስታን ጦርነት ምክንያት አሜሪካና ሌሎችም አልመጡም፤ ጎረቤታችን ኬንያም አልነበረችም። ይህን የምንጽፈው ድሉን ለማሳነስ አይደለም፤ የሆነው እንዲታወቅ ነው። ቪረን ግን መጥቶ ነበር። ያ በሙኒክ ወድቆ የተነሣው ሰው በሞንትሪያልም በ5,000 እና በ10,000 ሜትር አሸንፎ፣ በሁለት ኦሊምፒክ አራት ወርቅ ይዞ ነው የመጣው። ማኒንካ የሚባል የአገሩ ልጅም አብሮት ነበር።

በኢትዮጵያ በኩል ሦስት ነበሩ። ምሩፅ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድር እና ቶሎሳ ቆቱ። አሠልጣኛቸው ንጉሤ ሮባ ነበሩ። ሦስቱ ሯጮች ያደረጉትን ልብ በሉ። ፊት እየተቀያየሩ ሮጡ። አንዱ ወጥቶ ነፋሱን ይሰብራል፤ ቀጥሎ ሌላው ይተካዋል። አንዴ ፍጥነቱን ይጨምሩታል፣ አንዴ ቀነስ ያደርጉታል። ሲጨምሩ የሚከተለው ሁሉ መጨመር አለበት። ሲቀንሱ ሊያርፍ ሲል እንደገና ይጨምራሉ። እንዲህ እየተባለ ከኋላ የነበሩት ሯጮች አንድ በአንድ ተንጠባጠቡ። በመጨረሻ ፊት ላይ አምስት ሰዎች ቀሩ፤ ሦስት ኢትዮጵያውያንና ሁለት ፊንላንዳውያን።

ወደ ማብቂያው ቪረን ፊት ሊወጣ ሞከረ። ነገር ግን እነዚያ መፍጠንና መቀነሶች እግሩ ውስጥ ገብተው ነበር። 300 ሜትር ያህል ሲቀር ምሩፅ ማርሹን ቀየረ። ከዚያ በኋላ ያለውን መተረክ አያስፈልግም።

ውጤቱን በሰሌዳ ላይ እንዲህ ጻፍነው። ምሩፅ 27 ደቂቃ ከ42.7 ሰከንድ፣ አንደኛ። ማኒንካ 27 ደቂቃ ከ44.3 ሰከንድ፣ ሁለተኛ። መሐመድ ከድር 27 ደቂቃ ከ44.6 ሰከንድ፣ ሦስተኛ። ቶሎሳ ቆቱ 27 ደቂቃ ከ46.5 ሰከንድ፣ አራተኛ። ቪረን አምስተኛ።

ሒሳብ የጀመራችሁ ይህን ሥሩ። 27 ደቂቃ በ60 ሲባዛ 1,620 ሰከንድ ነው። 42 ሲደመርበት 1,662 ይሆናል። ይህ ለ25 ሲካፈል አንዱ ዙር 66 ሰከንድ ተኩል ያህል ወሰደ ማለት ነው። እኛ ደብተር ይዘን በሜዳው ላይ 400 ሜትር ለካንና ከጎረምሶቹ ሦስቱን አስሮጥናቸው። ከሦስቱ አንዱ ብቻ አንዷን ዙር በ70 ሰከንድ ጨርሶ ሣሩ ላይ ተዘረረ። "ሃያ አራት ቀርቶሃል፣ ተነሥ!" ብለው እናቱ ጮኹበት።

ሌላም ሒሳብ አለ። በሦስተኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት ስንት ነው? ከ46.5 ላይ 44.6 ሲቀነስ 1.9 ይቀራል። ሁለት ሰከንድ አይሞላም። "ሀ ሁ ሂ ሃ" ብሎ ለመጥራት የሚበቃ ጊዜ ነው። በዚህች ጊዜ ምክንያት መሐመድ ነሐስ አገኘ፤ ቶሎሳ ሜዳሊያ አላገኘም። ያዙልን ያልናችሁ ዐረፍተ ነገር እዚህ ላይ ትመጣለች።

ክፍሉ ውስጥ ክርክር የተነሣው በዚህ ነው። እኛ ትምህርቱ ያለቀ መስሎን ሰሌዳውን ልናጠፋ ነበር። አንድ ጎልማሳ "ቆይ፣ አታጥፉት" አለ። "ይሄ ቶሎሳ የሚባለው ነፋሱን ሰብሯል ወይስ አልሰበረም?" ሰብሯል አልነው። "ታዲያ ድርሻው የት አለ?" አለ።

ሽማግሌው መለሱለት። "ደቦ ነው፤ ደቦ ላይ አጫጁ እህሉን ተካፍሎ አይሄድም። ባለ እርሻው ነው የሚያስገባው። አጫጁ በልቶ፣ ጠላውን ጠጥቶ፣ ዘፍኖ ይሄዳል።"

ጎልማሳው ግን አልተዋጠለትም። "ደቦ ከሆነ እሺ። እኔ ግን ወንፈል ነው እላለሁ። በወንፈል ዛሬ ያንተን አርስልሃለሁ፣ ነገ የኔን ታርስልኛለህ። ምሩፅ ለቶሎሳ መቼ አረሰለት?"

ይህ ጥያቄ እኛን ጭጭ አሰኘን። ዩኒቨርስቲ ገብተን እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀን መምህር የለም። ሁለቱም ትክክል ይመስሉናል። በአንድ በኩል፣ ሦስቱም እኩል ቢካፈሉ ኖሮ፣ ማለትም ሦስቱም እኩል ነፋስ ሰብረው፣ እኩል ደክመው ቢጨርሱ፣ ፊንላንዳውያኑ መጥተው ሦስቱንም ይቀድሟቸው ይሆናል። አንድ ሰው መጨረሻ ላይ እንዲፈተለክ ሌሎቹ ጉልበታቸውን ማውጣት ነበረባቸው። በሌላ በኩል፣ ሁልጊዜ አንዱ ብቻ ባለ እርሻ፣ ሌላው ሁልጊዜ ደቦኛ ከሆነ፣ ያ የድሮው ጭሰኝነት ነው፤ ስሙ ብቻ ተለወጠ።

ከአምስት ቀን በኋላ የሆነውን ደግሞ ስሙ። ሐምሌ 25 ቀን የ5,000 ሜትሩ ፍጻሜ ነበር። ይህ አሥራ ሁለት ዙር ተኩል ነው። ምሩፅ በመጨረሻው ዙር ላይ ከሯጮች መካከል ተቀርቅሮ መውጫ አጣ። ከፊት ሰው፣ ከጎን ሰው። በጠባብ በረት በር ላይ እንደተያዘ ወይፈን ሆነ። ያን ጊዜ ፊት የነበረው መሐመድ ከድር ወደ ጎን ፈቀቅ አለለት። በዚያች ቀዳዳ ምሩፅ ወጣ፤ በ13 ደቂቃ ከ21 ሰከንድ አንደኛ ሆነ። ብሩን የታንዛኒያው ሱሌይማን ኛምቡዊ፣ ነሐሱን ማኒንካ ወሰዱ። መሐመድ በዚህኛው ሜዳሊያ አላገኘም። እንግዲህ በሙኒክ ሰዓት አልፎበት የቀረው ሰው፣ ስምንት ዓመት ቆይቶ ያንኑ 5,000 ሜትር አሸነፈ። በሩን የከፈተለት ግን የጓደኛው እግር ነው።

ጎልማሳው ይህን ሲሰማ "ይሄውና! እዳው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም" አለ።

ከሴቶቹ መካከልም አንዲት ወጣት ጠየቀች። "ከሰው ጀርባ ተጠልሎ ቆይቶ መጨረሻ ላይ ብቅ ማለት ሌብነት አይሆንም ወይ?" አለች። ለዚህ መልስ አለን ብለን የደራርቱ ቱሉን ሩጫ ነገርናት። ደራርቱ አርሲ ውስጥ በቆጂ አካባቢ የተወለደች የገበሬ ልጅ ናት። ነሐሴ 1 ቀን 1984 ዓ.ም. እስፔን አገር ባርሴሎና ላይ በሴቶች 10,000 ሜትር ሮጠች። ፊት የነበረችው ኤላና ሜየር የምትባል ነጭ ደቡብ አፍሪካዊት ነበረች። ደራርቱ ከኋላዋ ተከተለች። ሜየር ብዙ ዙር ነፋሱን ሰበረች፤ ደራርቱ ፊት አልወጣችም። በመጨረሻው ዙር ግን አልፋት ሄደች። በኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ከባላጋራ ጀርባ መጠለል በሩጫ ሕግ የተፈቀደ ነው፤ ባላጋራ አስገድዶ አያስከትልህም፣ ልቅደም ብሎ ራሱ ነው የወጣው። ከወዳጅ ጀርባ ሲሆን ግን ተራ መግባት አለ። ልዩነቱ ይኸው ነው አልናት። ወጣቷ ግማሽ ልብ ሆና ተቀበለችን።

ስለ ደራርቱ ካነሣን አንድ ነገር ሳንናገር አናልፍም። ሩጫው ሲያልቅ ደራርቱና ሜየር እጅ ለእጅ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። ደቡብ አፍሪካ ያን ጊዜ የዘር ሕጓን ልታፈርስ ተነሥታ ወደ ኦሊምፒክ ገና መመለሷ ነበር። ሁሉም ሕዝብ የመረጠበት ምርጫ የተደረገው በ1986 ዓ.ም. ነው። በ1968 ምሩፅን ከሞንትሪያል ያስቀረው ነገር፣ በ1984 ሁለት ሴቶች በአንድ ሜዳ ላይ እጅ ተያይዘው ሲዞሩ ታየ። ሽማግሌው "ይህቺን ዙር እንኳ ተረድቻታለሁ" አሉ።

ምሩፅ ሲሮጥ በሬዲዮ የሰሙ ብዙ ልጆች ነበሩ። ከነሱም አንዱ አሰላ አጠገብ የሚኖር የሰባት ዓመት የገበሬ ልጅ ነበር። ትምህርት ቤቱ ከቤቱ አሥር ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ማለትም ያው 10,000 ሜትር ነው። ልጁ ደብተሩን በብብቱ ይዞ እየሮጠ ይሄድ ነበር። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ይባላል። በ1988 እና በ1993 ዓ.ም. በሁለት ኦሊምፒክ የ10,000 ሜትር ወርቅ አገኘ። ሲሮጥ ያዩት ሰዎች ግራ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ጠበብ ብሎ ይቀር ነበር ይላሉ።

አሁን ስለ ራሳችን እንናገር። ሰውን ስንመክር የራሳችንን ጥፋት መደበቅ አይገባንም።

በቀበሌው ውስጥ ሦስት የማስተማሪያ ጣቢያዎች ነበሩ። እኛ ዘማቾቹ እርስ በርሳችን ውድድር ገባን። የማን ጣቢያ ቀድሞ መጽሐፉን ያነባል ተባባልን። ውድድር ጥሩ ነገር ነው፤ እኛንም ከእንቅልፋችን ቀስቅሶናል። ነገር ግን ሳናስበው አንድ ነገር አደረግን። ቶሎ የሚገባቸውን ፊት አስቀመጥናቸው። ጥያቄ ስንጠይቅ እነሱን ብቻ ጠየቅን። ተቆጣጣሪ ሲመጣ እነሱን ብቻ አስነበብን። ከኋላ ከነበሩት መካከል ልጅ አዝላ የምትመጣ አንዲት እናት ነበረች። ልጁ ሲያለቅስ ትወጣለች፤ ተመልሳ ስትገባ ትምህርቱ አልፏል። እኛም አልጠበቅናትም።

አንድ ቀን ቀረች። ሁለት ቀን ቀረች። ሥራ በዝቶባት ይሆናል አልን። ሁለት ሳምንት ሲሞላ ቤቷ ሄድን። እንጀራ እየጋገረች ነበር። ምጣዱን ሳትተው "የናንተን ሩጫ ሩጡ፤ እኔ ከኋላ ሆኜ አቧራ ልጠጣ አልመጣም" አለችን። ቡና አፍልታ አጠጣችን፤ ቃሏን ግን አላነሣችም። መንገድ ላይ ስንመለስ ማናችንም አልተናገርንም።

በማግሥቱ አቀማመጡን ለወጥነው። አንድ ቶሎ የገባው ከአንድ ካልገባው ጋር እንዲቀመጥ አደረግን። ፊት የነበሩት አጉረመረሙ፤ እውነትም ወደ ኋላ ቀሩ። መጽሐፉን ለመጨረስ ተጨማሪ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። በውድድሩ ሦስተኛ ወጣን፤ ጣቢያዎቹም ሦስት ነበሩ። ጓደኞቻችን እስካሁን ይሥቁብናል። ከቀሩት ሰዎች ሁለቱ ጨርሰው አልተመለሱም፤ ይህን እንደ ትንሽ ነገር አንቆጥረውም። ያቺ እናት ግን መጣች። አጠገቧ የተቀመጠችው ያቺ ስለ ሌብነት የጠየቀችን ወጣት ነበረች። ልጁ ሲያለቅስ ወጣቷ ታዝለዋለች፤ እናትየዋ ትጽፋለች።

የሞስኮውን ሩጫ ያስተማርን ዕለት፣ ክርክሩ ሳያልቅ መሸ። ከመበተናችን በፊት እያንዳንዱ ሰው ከስሞቹ አንዱን ደብተሩ ላይ እንዲጽፍ አዘዝን። አብዛኛው ሰው "ምሩፅ" ብሎ ጻፈ፤ "ፅ" አስቸጋሪ ስለሆነች ብዙዎች "ጽ" ጻፉ፤ ተውናቸው። ሽማግሌው ቪረንን ጻፉ። ለምን ብንላቸው "ወድቆ ስለተነሣ" አሉ።

እናትየዋ ደብተሯን ይዛ መጣች። እርሳሷን አጥብቃ ስለያዘችው ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ሦስት ፊደላት ጽፋለች። ሁለቱ ሳብዕ ናቸው፣ አንዷ ራብዕ ናት። አንዷንም አልሳተችም።

ቶሎሳ።